የስንዱ በርጩማ

በአንድ ወቅት፣ ክረምቱ በሚረዝምባት በአንዲት የደጋ ከተማ፣ ከገደል አፋፍ ላይ አንድ የጧፍ ቤት ነበር። ሰባት ሴቶች ይሠሩበታል። ባለቤቱ ጋሽ ተካልኝ ይባላሉ፤ ጾም የማይሽሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ክፉ የማይባሉ ሰው ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ስትፈርዱ ይጠቅማችኋል።

የቤቱን አሠራር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአሠራሩ ነውና። ከጣሪያው ትልቅ የእንጨት ቀለበት በገመድ ተንጠልጥሏል። ከቀለበቱ ዙሪያውን የጥጥ ክሮች ወርደዋል። ሴቶቹ ከሥሩ ክብ ሠርተው በበርጩማ ይቀመጣሉ፤ በእያንዳንዷ ፊት የከሰል ምድጃ፣ በምድጃው ላይ የቀለጠ ሰም አለ። ቀለበቱ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ክሩ በፊቷ ሲያልፍ እያንዳንዷ በጭልፋ ሰም ታፈስበታለች። እንዲህ እያለ ሠላሳ ዙር ሲሞላ ጧፉ ይደርሳል። አንዷ ብትነሣ ግን ክሩ በእሷ ፊት ሰም ሳያገኝ ያልፋል፤ በዚያ ቀን የተሠራው ሁሉ ይቀጥናል፣ ቤተ ክርስቲያንም አይቀበለውም።

ስለዚህ ሥራው ከተጀመረ ማንም አይነሣም። ማንም አይናገርም። እየተወራ የተሠራ ጧፍ ሲበራ ያለቅሳል፣ ሰሙ ይንጠባጠባል ይባል ነበር። ቀለበቱ ሊዞር ሲል ጋሽ ተካልኝ በሩ ላይ ቆመው «የምትወጣ ትውጣ» ይላሉ። ከዚያ በሩ ይዘጋል።

የምትወጣ ግን አልነበረችም። ለምን ብትሉኝ፣ ይታክቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ምላሷ እንደ ወስፌ የሆነ። አንዷ ከተቀመጠችበት ብድግ ያለች እንደሆነ፣

«ሙሽሪት ልትወጣ ነው፣ እልል በሉላት እንጂ!» ትላለች። «ምነው እቴ፣ ፊኛሽ የሕፃን ነው እንዴ?»

ሁሉም ይስቃሉ። ብድግ ያለችውም አብራ ትስቅና ትቀመጣለች። እንዲህ ነበር።

ቤቱ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፣ በገደሉ በኩል። ከገደሉ የሚመጣው ነፋስ ገና ያልጠነከረውን ጧፍ ያጎብጠዋል ብለው ጋሽ ተካልኝ መዝጊያውን በምስማር መቱት። በቀረው ስንጥቅ ነፋስ ሾልኮ ሲያስቸግር ደግሞ፣ ማንጠግቦሽ የምትባለው እጀ ብልህ ሴት ጨርቅ በሰም እየነከረች ስንጥቁን አንድ በአንድ ደፈነችው። ጋሽ ተካልኝ «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ከዚያ በኋላ ጧፉ ቀና። ጭሱ ግን መውጫ አጣ።

ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ስንዱ ነበረች። የእማማ ዝማም ልጅ ናት። ጭልፋዋ ድስቱን ሲነካ እንኳ አይሰማም፤ መኖሯ የሚታወቀው ጠዋት ስትገባ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ነው። በቀኟ ፈንታነሽ ትቀመጣለች፣ በግራዋ ማንጠግቦሽ። ፊት ለፊቷ ደግሞ ከሁሉም ትንሿ፣ ትርንጎ።

የሐምሌ መጨረሻ ነበር፤ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ጧፍ በሚበዛበት ሰሞን። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ሁሉም ጾመዋል። ቀለበቱ ሃያ ሰባት ጊዜ ዞሯል፤ ሦስት ዙር ይቀራል። የስንዱ እጅ ከጭልፋው ጋር ጉልበቷ ላይ አረፈ። አንገቷ ወደ ግድግዳው ዘመም አለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ጎረቤቶቿ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ክሩ በስንዱ ፊት ሰም ሳያገኝ ሊያልፍ ሲል፣ ፈንታነሽ በቀኝ ማንጠግቦሽ በግራ እጃቸውን ዘርግተው በፋንታዋ አፈሰሱላት። ጾሙ ደክሟት ነው፣ ትረፍ ብለው አዘኑላት። አንድም ጧፍ አልቀጠነም። ሦስቱ ዙር አለቀ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ጋሽ ተካልኝ በሩን ከፈቱ።

ሁሉም ሲነሡ ስንዱ አልተነሣችም።

ልብ ነው ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ግን ሁሉም ያዘው። በፍትሐቷ ላይ የበራው ጧፍ የዚያው ዓርብ ጧፍ ነበር። እስከ መጨረሻው ነደደ፤ አንዱም አላለቀሰም።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሰኞ፣ ሴቶቹ ሥራ ገቡ። የስንዱን በርጩማ የሚያነሣው ሰው አልተገኘም፤ በቦታው ቆመ። ፋንታዋን ሁለቱ ጎረቤቶቿ ማፍሰስ ቀጠሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ፣ ሃያ ሰባተኛው ዙር ላይ፣ መስኮቱ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ፣ ሰው ሰው ቤት ሲደርስ እንደሚያንኳኳው።

ከመስኮቱ ውጭ ገደል ነው። ከወፍ በቀር የሚቆምበት የለም።

ማንም አልተናገረም፤ ሥራ ላይ አይወራማ። ሥራው ሲያልቅም እያንዳንዷ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ማክሰኞም ተንኳኳ። ረቡዕም። ስድስት ሴቶች፣ ስድስቱም እየሰሙ፣ ስድስቱም ለየብቻቸው እየፈሩ ሁለት ሳምንት ሄደ። ትርንጎ ያን ጊዜ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሥራው ሲጋመስ ከንፈሯ አመድ ይመስላል፤ ግንባሯን በክንዷ ትጠርግና ታፈስሳለች። ሁሉም ያያታል።

እንግዲህ ከስድስቱ ሦስቱ ሴቶች ያደረጉትን ልንገራችሁ።

ይታክቱ አንድ ጠዋት ከሌሎቹ ቀድማ ገባች። ምላሷ ከስንዱ ሞት ወዲህ ቀዝቅዟል፤ «ሙሽሪት» ያለችበትን ቀን ታስታውሳለች። ስንዱ በሞተችበት ዋዜማ ነው፤ ያን ቀን ብድግ ያለችው ስንዱ ነበረች። ሁሉም ገብተው ሲቀመጡ ጋሽ ተካልኝ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆሙ።

«የምትወጣ ትውጣ።»

«እኔ አልወጣም» አለች ይታክቱ። «ነፋሱ ይግባ።»

«ምን አልሽ?»

«መስኮቱ ይከፈትልን ነው የምለው፣ ጋሼ። ጭሱ ገደለን።»

«ማንን ገደለ?»

ይታክቱ ወደ በርጩማው አየች። እሷም እንደ ሌሎቹ ልብ ነው ብላ ነበር። «ትርንጎን ይዩዋት» አለች። «ሁለት ነፍስ ይዛ።»

ጋሽ ተካልኝ ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ታፈንሽ ወይ፣ ልጄ?»

ትርንጎ መሬት መሬት እያየች፣ «ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ» አለች።

«መስኮት የሚያስፈልጋት ሌላ አለች?»

ይታክቱ ዙሪያውን አየች፤ ሁሉም ሰሙን ነው የሚያየው።

«እንግዲህ የምትታፈኚው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉ ጋሽ ተካልኝ፣ ሳይቆጡ። «ቤትሽ ነፋስ ካለው እዚያ ሁኚ።»

ይታክቱ ሁለት ልጆቿን እያሰበች ነጠላዋን አነሣች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «እልል በሉልኛ!» አለች። አሁን የሳቀ የለም። በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት የሚያስፈልጋትን ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ለዚህም ሥራዋን ሰጠች።

ማንጠግቦሽ ይህን ሁሉ ተቀምጣ አየች። ወሬ አትወድም፤ እሷ የምታምነው እጇን ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቱ በተንኳኳ ቁጥር ዓይኗ የሚያርፈው በስንጥቁ ላይ በደፈነችው ጨርቅ ላይ ነበር። ሰሙ ላይ የጣቷ አሻራ ቀርቷል፤ ከተቀመጠችበት ይታያታል።

በፍልሰታ መካከል ጋሽ ተካልኝ ጧፍ ሊያደርሱ ወደ ገጠር አድባራት ሄዱ። ማንጠግቦሽ በማለዳ ጉጠት ይዛ መጣች። ሰሙን በጋለ ብረት አለሰለሰችው፣ ጨርቁን እየሳበች አወጣች፣ ምስማሩን አንድ በአንድ ነቀለች። መዝጊያው ሲከፈት ብርሃኑ በስንዱ በርጩማ ላይ ወደቀ። ማንም ሳይቀመጥበት ሳምንታት ቢያልፉም በርጩማው ላይ አቧራ አልነበረም። ቀድማ ለሥራ የደረሰችው ፈንታነሽ አየችው፣ ማንጠግቦሽም አየችው፤ ሁለቱም አማተቡ።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ውኃ ነክራ መስኮቱ ላይ ጋረደችው። ነፋሱ በእርጥቡ ጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ ጉልበቱ ይሰበራል። ሴቶቹ ተቀምጠው ሠሩ። የትርንጎ ከንፈር ቀልቶ ዋለ። ሃያ ሰባተኛው ዙር ሲደርስ የሚያንኳኳ አልነበረም፤ ነጠላው ብቻ ወደ ውስጥ ተነፋ፣ ወደ ውጭ ተሳበ፣ እንደ ሰው ትንፋሽ፣ ሦስት ጊዜ።

በማግስቱ ጋሽ ተካልኝ ተመለሱ።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንን ጠይቀሽ?»

«ማንንም። ይታክቱ ጠይቃ ያገኘችውን አይቻለሁ።» ከደረሰው ጧፍ አንዱን አንሥታ ሰጠቻቸው። «ይዩት እስቲ። ጎብጧል?»

ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉት። ቀጥ ብሎ ተንከባለለ።

«ጎበዝ ነሽ» አሉ። «ግን ይህ የክረምት ነፋስ ነው። የጥቅምቱ ሲመጣ እርጥብ ነጠላ አይመልሰውም። ልቧ ከድቷት የሞተችን ልጅ ምክንያት አድርጋችሁ ቤቴን አትበጥብጡት።» መዶሻ አስመጥተው መዝጊያውን መልሰው መቱት። ከነቀለቻቸው ምስማሮች ግማሹ ጎብጦ ስለነበረ በሁለት ብቻ ነው የተመታው፤ ጨርቁንም የመለሰው የለም። በስንጥቁ ቀጭን ነፋስ መግባት ጀመረ። ለትርንጎ ያቺ ቀጭን ነፋስ ከምንም ትሻላት ነበር።

በዚያው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ፣ ማንኳኳቱ ተመለሰ።

ፈንታነሽ ከሁሉም ዝምተኛዋ ናት። ቅዳሴ የማትቀር፣ ሰው የማታማ። ግን ከስንዱ ቀብር ወዲህ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል አልቀረበችም፤ ንስሐ አባቷ ቢጠይቋትም ምክንያት ትሰጣለች። ለምን እንደሆነ የታወቀው በስንዱ አርባ ነው።

በእማማ ዝማም ቤት ድንኳን ተተክሎ፣ ቄሱም ጋሽ ተካልኝም ሴቶቹም ተቀምጠዋል። ይታክቱም መጥታለች፤ ለብቻዋ ጥግ ይዛ። ጋሽ ተካልኝ እማማን ሊያጽናኑ፣

«ልብ ነው እማማ፤ ሰው ምን ያደርጋል» አሉ።

«የልጄ ልብ ደህና ነበር» አሉ እማማ ዝማም።

ፈንታነሽ ያን ጊዜ ተነሣች።

«ልብ አይደለም» አለች። «ከሰሉ ነው። ነግራኛለች።»



«ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብላ ‹ፈንታዬ፣ ዞረብኝ፤ ልውጣ፣ ጠይቂልኝ› አለችኝ። እኔ በዓይኔ ‹ትንሽ ነው የቀረው› አልኳት። ሦስት ዙር ነበር የቀረው። እጇ ሲወርድ አፈሰስኩላት። የረዳኋት መስሎኝ… ኋላ ስትጠይቁኝ ደግሞ ምንም አላለችኝም አልኩ።»

ጋሽ ተካልኝ ብርሌውን መሬት አስቀመጡ። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሁሉም የእማማ ዝማምን እርግማን ነው የሚጠብቀው። እማማ ግን፣

«ልጄ ልውጣ አለች?» ብለው ጠየቁ።

«አለች፣ እማማ።»

«በአፏ?»

«በአፏ።»

«እሰይ» አሉ እማማ ዝማም፤ እንባቸው ወረደ። «ውኃ ጠምቷት እንኳ ስጡኝ ብላ አታውቅም ነበር። ሴት ልጅ አትጠይቅም እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እንዲያው አንድ ቀን እንኳ ጠየቀች?»

ከዚያ ድንኳን የወጣ ሰው ሁሉ መሬት እያየ ነው የሄደው። ፈንታነሽን የስንዱ ዘመዶች ለስንት ጊዜ ሰላምታ ነሷት፤ ጎረቤት በር ላይ ስታልፍ ወሬ ይቆማል። ታውቀው ነበር እንዲህ እንደሚሆን።

በማግስቱ ጋሽ ተካልኝ የመስኮቱን መዝጊያ ከነማጠፊያው ነቅለው ወደ ገደሉ ወረወሩት። በመስኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲንጠለጠል አደረጉ። ይታክቱን ራሳቸው ቤቷ ድረስ ሄደው «ነይልኝ» ብለው አመጧት። ከዚያ ስድስቱን ሴቶች አስቀምጠው እንዲህ አሉ።

«ከዛሬ ጀምሮ የምትነሣ ካለች ቀለበቱ ይቆማል። ጧፉ ይበላሽ። ግን እናንተ መጠየቅ አልለመዳችሁም፣ እኔም መስማት አልለመድኩም። አንዳችሁ ጭልፋ ሳትይዝ የሌሎቹን ፊት እያየች ትቀመጣለች። የአንዷ ከንፈር ሲገረጣ ካየች፣ ሴትዮዋ ባትጠይቅም እሷ ትጠይቅላት። ‹ይቁም› የተባለ ዕለት ይቆማል። የጠባቂዋ ቦታ ያ ነው።» የስንዱን በርጩማ አሳዩ። ከዚያ በርጩማ የሁሉም ፊት ይታያል። «ማን እንደምትሆን እናንተ ምረጡ።»

በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

«ይታክቱ ትሁን» አለች አንዷ። «አፍ ያላት እሷ ናት። ስንፈራ እሷ አልፈራችም።»

«አፏ ነው ስንዱን ያስቀመጣት» አለች ሌላዋ። «‹ሙሽሪት› ማለቷን ረሳችሁት? ትርንጎ በእሷ ፊት ደከመኝ የምትል ይመስላችኋል?»

ይታክቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማንጠግቦሽስ? ነፋሱን ያስገባችልን እሷ አይደለችም?» አለች የመጀመሪያዋ።

«እሷ እኮ ማንንም አትጠይቅም። ዝም ብላ ነቅላ ዝም ብላ ትደፍናለች» አለች ይታክቱ፣ ግን ያለ ክፋት።

«እውነቷን ነው» አለች ማንጠግቦሽ። «ግን እኔ የሰው ፊት ሳይ ምን እንደጎደለው ይገባኛል። ሳይነግረኝ።»

«የስንዱስ ገባሽ?» አለቻት ይታክቱ።

ማንጠግቦሽ ግድግዳውን አየች።

«ፈንታነሽ» አለች አንዷ በቀስታ። «ስንዱ የመረጠቻት እሷን ነው። ጠይቂልኝ ያለችው ከሁላችን እሷን ነው።»

«አልጠየቅኩላትም» አለች ፈንታነሽ።

«ለዚያ ነው። ሁለተኛ አትሳሳቺማ።»

«ወይም ሁለተኛም ትፈራለች» አለች ይታክቱ። «እስቲ አሁን ማን በእሷ ላይ ነፍሱን ይጥላል?»

ፈንታነሽ ይህን ሰምታ አልተቆጣችም። «እኔም በራሴ ላይ አልጥልም» አለች። «ግን ያቺን ድምፅ በጆሮዬ ይዤ ነው የምውለው። ሌላ ሴት በሹክሹክታ ብትለኝ… አላውቅም። አላውቅም።»

ለትርንጎ «አንቺስ ማንን ትመርጫለሽ?» አሏት። ትርንጎ በሆዷ ላይ እጇን አድርጋ፣ «እናንተ ያላችሁትን» አለች።

ሰሙ ቀለጠ። ፍልሰታ አልፎ አዲሱ ዓመት መጥቷል፣ ለመስቀል ጧፍ የሚጠብቁ አድባራት አሉ፤ ሥራው መጀመሩ ግድ ነው። ሦስቱ በርጩማውን ከበው ቆሙ። ሌሎቹ ቦታቸውን ያዙ። ጋሽ ተካልኝ ከውጭ ሆነው «የምትወጣ ትውጣ» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው፤ ድምፃቸው ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

ሆዷ የገፋው የትርንጎ ከንፈር ገና ቀለበቱ ሳይዞር መገርጣት ጀምሯል። ምንም አላለችም።

መስኮቱ መዝጊያ የለውም። የሚንኳኳ እንጨት የለውም። ግን ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ከበርጩማው ነው የመጣው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስቱ ሴቶች ቀና ብለው እርስ በርስ ተያዩ።

«ሰማሽ?» አለች ይታክቱ።

«ሰማሁ» አለች ማንጠግቦሽ።

«እኔ ሁልጊዜ ነው የምሰማው» አለች ፈንታነሽ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዷ አፏን ከፍታ ጠየቀች፤ የሌሎችን አፍ የዘጋችውም እሷ ነበረች። አንዷ በእጇ ከፈተች፤ የደፈነችውም በዚያው እጇ ነው። አንዷ እውነቱን ተናገረች፤ የተናገረችው ግን አርባ ቀን ዘግይታ ነው። በርጩማው ባዶ ነው፣ ቀለበቱ ሊዞር ነው፣ ትርንጎም ከንፈሯ እየገረጣ ዝም ብላለች። ከሦስቱ ማንኛዋ ትቀመጥ?